ሃይድሮጂኑ ይቆየን፤ መጀመሪያ ገመዱ

ውጭ የምንኖር ሰዎች አዲስ አበባ ስንገባ፣ ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ መንገድ ባሉ ካፌዎች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፦ «ፈረንጁ ኤርፖርቱን በሃይድሮጂን እየቀየረ ነው፤ ግድብ የገነባነው እኛ ምን እንጠብቃለን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ስሌት ይፈልጋል።

ውጭ አገር እስካሁን የተሠራው ከሞላ ጎደል መሬት ላይ ያለው ሥራ ነው። ሙኒክ ኤርፖርት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በሃይድሮጂን የሚሄዱ አውቶቡሶችን ሞክሯል። በ2024 ደግሞ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ላይ በሃይድሮጂን የተሞላ የሻንጣ ትራክተር የመንገደኛ አውሮፕላን አስተናግዷል። አውሮፕላኑ ራሱ ገና ነው፤ ኤርባስ በ2020 «ለ2035 አደርሳለሁ» ብሎ የነበረውን በ2025 አዘግይቶታል።

አሁን ወደ ስሌቱ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውኃ ለማውጣት 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይፈጃል። ኪሎው ይዞ የሚቀረው 33 ነው። የትራክተሩ ፊውል ሴል (ሃይድሮጂኑን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋህዶ መብራት የሚያወጣው መሣሪያ) ከዚያ ግማሽ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚመልስ፣ ለሥራ የሚተርፈው 16 ገደማ ነው። ጋዙን 350 ባር (የተለመደው የአየር ግፊት 350 እጥፍ ያህል) ድረስ የሚያምቀው ኮምፕሬሰር የሚወስደው ገና አልተቆጠረም። ያንኑ 55 ባትሪ ላይ ብንሞላው 45 ያህሉ ይመለስልናል። ሰሜን አውሮፓ በነፋሻ ሌሊት የሚተርፍ መብራት ስላለ ይህን ኪሳራ ለመቀበል ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የእኛ መብራት ግን አብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመጣ ነው፤ ቀድሞውኑ ንጹሕ የሆነውን ሁለት ሦስተኛውን ጥሎ ሌላ ንጹሕ ነገር መግዛት ምን ይባላል?

ከፍታውም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፊውል ሴል ኦክስጅኑን ከአየር ስለሚስብ፣ አየር መግፊያው እዚህ የበለጠ ይለፋል፣ የሚያመነጨው ኃይልም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከጭስ የሚወጣው ድኝ ያለበት ጋዝ ውስጡ ያለውን ፕላቲነም ይመርዛል። ጥቁር ጭስ ከሚያወጣ ሲኖትራክ ኋላ የሚውል ማሽን የከሰል ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ይለዋል። ባትሪ ግን አየር አይተነፍስም።

ዋናው ፈተና ግን የመብራቱ መቆራረጥ ነው። ሃይድሮጂን የሚያመርተው ኤሌክትሮላይዘር፣ በተለይ አልካላይን የሚባለው፣ ሲበራ ሲጠፋ አይወድም። ጭነቱ በጣም ሲወርድ ሃይድሮጂኑና ኦክስጅኑ በመለያው ሽፋን በኩል እየሰረጉ መቀላቀል ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ማቆም የግድ ነው። ቆሞ ከቀዘቀዘ መስመሩን በናይትሮጅን አጥቦ እንደገና ማሞቅ ይጠይቃል። ውኃውም የቧንቧ ውኃ እንዳለ አይሆንም፤ በኪሎ 9 ሊትር ማዕድኑ ፈጽሞ የወጣለት ውኃ ያስፈልጋል፣ በማጣሪያው የሚደፋው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ሳይደረደር የሚታሰብ አይደለም።

ስለ ደኅንነቱ ሲወራ ሃይድሮጂንን ከቡታጋዝ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፤ ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ቡታጋዝ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሃይድሮጂን ሽቅብ ይሮጣል። ስለዚህ ጋዝ ጠቋሚው የሚሰቀለው ከላይ ነው፣ ጣራውም ጋዝ የሚታቆርበት ኪስ ሊኖረው አይገባም። ያማረ ኮርኒስ የተሠራለት ጋራዥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሃይድሮጂን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ድብልቅ ሁሉ ይነዳል፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሙቀት የሚያይ ካሜራ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ቀድሞ የሚሠራው ምንድን ነው? ገመዱ። አውሮፕላን ቆሞ ሳለ መብራትና የካቢን አየር የምትሰጠው ጭራው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር፣ ኤፒዩ፣ በ737 ዓይነት ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ገደማ ነዳጅ ትፈጃለች። ያ ነዳጅ ከጅቡቲ ድረስ በቦቴ ተጭኖ የመጣ ነው። የከተማውን 50 ኸርዝ መብራት አውሮፕላን ወደሚጠቀምበት 400 ኸርዝና 115 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ አውሮፕላኑ በሚቆምበት የኤርፖርቱ በር (ጌት) ላይ ተተክሎ ገመድ ቢሰካ ኤፒዩዋ ትጠፋለች። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ያለች በመሆኗ የካቢን ማቀዝቀዣው ጭነት እንደ ዱባይ አይከብድም፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

የሚበላሸው ደግሞ ቀላል በሚመስል ቦታ ነው። ሶኬቱ ስድስት ቀዳዳ አለው፤ አራቱ ትልልቅ፣ ሁለቱ ትንንሽ። ትንንሾቹ ኃይል አያስተላልፉም፤ «ተሰክቷል» ብለው ለመሣሪያው የሚነግሩ ናቸው። ገመዱ መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ ትራክተር ሲሄድበት፣ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፤ ትልልቆቹ ከላሉ ይግላሉ፣ ትንንሾቹ ከላሉ መብራቱ በድንገት ይቋረጣል። ፓይለቱ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከገጠመው ሦስተኛውን አይሞክርም፤ ኤፒዩውን ያስነሳል። ስለዚህ መለዋወጫ የሶኬት አፍንጫ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥና ገመዱን ከመሬት የሚያነሳ መስቀያ መትከል ከማንኛውም የሃይድሮጂን ዕቅድ ይቀድማል።

የሻንጣ ትራክተሩም ባትሪ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መስቀል አደባባይ ዙሪያ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ አይደለም፤ ባትሪ የሚፈታ መካኒክም እየተፈጠረ ነው። ሃይድሮጂኑን ለማዳበሪያ እናስበው፤ ግብፆች አስዋን ላይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከግድብ መብራት ሃይድሮጂን አውጥተው ማዳበሪያ ሠርተውበታል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ርካሽ ሥራ አለ። አውሮፕላን የሚቆምባቸውን የኤርፖርቱን በሮች በሚመግበው የመብራት መስመር ላይ ቮልቴጅ መዝጋቢ ይታሰር፤ አንድ ሙሉ ወር፣ ቢቻል በክረምት። ስንቴ ጠፋ፣ ስንት ሴኮንድ ቆየ፣ ከ10 በመቶ በላይ ስንቴ ወረደ የሚለው ይመዝገብ። ከዚያ ስንት ባትሪ በመጠባበቂያነት እንደሚያስፈልግ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል።