«አልችልም» ያለችውን ልጅ ማን አስተማራት?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ ውስጥ ለወጣቶች የተሰጠውን «የአስተሳሰብ ለውጥ» ሥልጠና ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አሠልጣኙ ወጣቱን ከስኬት የሚያግደው ለራሱ ያለው ዝቅተኛ ግምት ብቻ ነው አለ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው አለ። መድኃኒቱንም ነገረን፦ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» ማለት። ተጨበጨበለት። ከፊት ወንበር የነበሩ አንድ ኃላፊም ተነሥተው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወደቀው ልጆቹ በራሳቸው ስለማያምኑ ነው ሲሉ አጸኑለት። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

በመጀመሪያ አበበ ቢቂላን ይተውልን። «ጫማ አልነበረውም፣ እምነት ግን ነበረው» ብሎ ነው አሠልጣኙ ያሳረፈው። ይህን ከአበበ የትውልድ መንደር ከጃቶ ብዙም በማይርቅ ከተማ ቆሞ መናገር ድፍረት ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው በምኞት አይደለም። የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እያሠለጠነው፣ ዳገት ቁልቁለቱን ሲደክምበት ኖሮ ነው። ባዶ እግሩን መሮጥንም በልምምድ ያውቀው ነበር፤ የቀረበለት ጫማ አልመች ሲለው የለመደውን መረጠ። ልቡ ያመነው እግሩ ያወቀውን ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላም ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተለማምዶ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ተወዳድሯል። ተለማምዶ ነው የምላችሁ። ይህን ሁሉ ድካም ከታሪኩ ላይ ገፎ «አመነ፣ አሸነፈ» ብሎ ለልጅ መንገር ልጁን መዋሸት ነው።

አንዲት ልጅ ላሳያችሁ። ከመንዝ መጥታ እዚህ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትማር ናት፤ በሶና ቆሎዋን በየአሥራ አምስት ቀኑ ከአገር ቤት ታመጣለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁና እሷም መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ እኔ ሒሳብ አይገባኝም» አለችኝ፣ ስሟን እንደምትነግረኝ አድርጋ። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ደምሪ ብላት ሁለት ሰባተኛ ብላ ጻፈች።

«ሲሶ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እንዴት አላውቅም! አባቴ የሰው መሬት ያርስ የለ።»

«እርቦስ?»

«እሱንም።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት ቁና ገብስ ገባ እንበል። ሲሶው ስንት ነው?»

«አራት ቁና።» ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

«እርቦውስ?»

«ሦስት። አንድ ላይ ሰባት ቁና።»

«ከስንት ቁና?»

ጠመኔው እጇ ላይ ቆመ። «ከአሥራ ሁለት» አለችና ሁለት ሰባተኛዋን በክንዷ ጠራርጋ አጠፋቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ «አይገባኝም» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ማንም አላጨበጨበላትም፣ መስታወትም አላየችም። የሠራችውን አየች፤ አለቀ።

ታዲያ ያንን ቃል ማን ሰጣት? ሲሶና እርቦ ስታሰላ ያደገች ልጅ ሒሳብ የማይገባት ሆና አልተወለደችም። እኛ ነን የሰጠናት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን፣ የወደቀውን ሁሉ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እያልን ያሳደግናት። እኔንም ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር በክፍሉ ልጆች ፊት «የአንተ እጅ ለጅራፍ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት አምኜው ኖርኩ። ከልቤ ያወጣልኝ ምክር አይደለም። እህል ነጋዴው አጎቴ ገበያ እየወሰደ ሒሳብ ሲያስይዘኝ፣ ሳላሳስት ስመልስለት ወጣልኝ። ከውጭ የገባ ቃል በቃል ብቻ አይወጣም፤ ሥራ ነው የሚነቅለው።

ይህ የእኔ የጡረተኛ ግትርነት የመሰለው ካለ የሥነ ልቦና ሊቁን አልበርት ባንዱራን ይጠይቅ። ሰው «ይሆንልኛል» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሠርቶ ማየትን ነው። እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየትም ይረዳል። የአፍ ማበረታቻ ግን ከእነዚህ ይልቅ ደካማ ነው ብሏል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸውን ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ ቢያደርጓቸው የባሰ ስሜት ተሰምቷቸዋል። መስታወቱ የሚጎዳው በትክክል አሠልጣኙ ላድናቸው የሚላቸውን ልጆች ነው ማለት ነው!

ሰው በራሱ ካላመነ ሩቅ እንደማይሄድ አልክድም፤ የተጣላሁት ቅደም ተከተሉን ከገለበጠው ጋር ነው። ኃላፊውንም አንድ ነገር ልበላቸው። በአገር አቀፉ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ በአንድ ጊዜ በራሱ ማመን ተወ ብሎ የሚናገር ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ወራት የባከነባቸው፣ ለአንድ መጽሐፍ ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። በዚህ ላይ ጥፋቱን መልሶ በልባቸው ላይ መጫን ግፍ ነው። ልጅቷ ትወድቃለች፣ ቀጥላም «ማመን እንኳ አቃተኝ» ትላለች። አንድ «አልችልም» ይዛ ገብታ ሁለት ይዛ ወጣች።

ሥልጠናው ቀጥሎ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ። አይሂድ። ለአዳራሹ፣ ለባነሩና ለውሎ አበሉ የሚወጣው ገንዘብ ለቅዳሜ ማስጠናት ይዋል። ጥቁር ሰሌዳው በየትምህርት ቤቱ አለ፣ ቅዳሜም ክፍሉ ባዶ ነው፤ የጎደለው ጠመኔ የሚገዛና ለመምህሩ የመጓጓዣ የሚከፍል ነው። በታርማበርም በሉት በደብረ ሲና፣ እንደ እኔ ጡረታ ወጥተው ቤት የተቀመጡ የሒሳብ መምህራን አሉ። ጥሩን። እኔ መንዝ ድረስ እሄዳለሁ።