ኮምፒውተሩ “ሞቷል” ከመባሉ በፊት ይለካ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ የአንድ አስመጪ ድርጅት የጥገና ኃላፊ፣ የሞተር ኮምፒውተር፣ ማለትም የሞተሩን ሥራ የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን፣ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ማስከፈት ደግሞ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው አሉ። አዘጋጁ አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ የገዛ ሰው ሁሉ “ይቀየር” የሚለው ቃል ስንት ወር እንደሚያስጨንቅ ያውቃል። ቤተሰቡን በአንዲት መኪና ለሚያስተዳድር ሾፌር እንዲህ ያለ ቃል በማይክሮፎን ሲወረወር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በነፍስ ጉዳይ ልጀምር፤ ከክርክራቸው ሁሉ ባዶው እሱ ነውና። ከፋብሪካ ታሽጎ የወጣ ኮምፒውተር ለነፍስ ዋስትና ከሆነ፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 በአሜሪካና በካናዳ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ኮሮላና ማትሪክስ ለምን መልሶ ጠራ? ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑት የእነዚያ መኪኖች ጣጣ ራሱ የሞተር ኮምፒውተሩ ነበር። ቦርዱ ላይ ያሉ የብየዳ ነጥቦች ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ከተሰነጠቁ መኪናው አልነሳ ሊል፣ ሲብስም በጉዞ ላይ ሞተሩ ድርግም ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ያንን ኮምፒውተር የሰፈር ኤሌክትሪሺያን አልከፈተውም። አዲስ፣ ኦሪጅናል፣ በፋብሪካው እጅ የተሠራ ነበር።

አይጠገንም የሚለውም ከዚያው ጋር ይወድቃል። የተሰነጠቀ ብየዳ እጁ የረጋ ባለሙያ በማጉያ መነጽር እያየ እንደገና ይበይደዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያረጁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ፈሳሽ እያንጠባጠቡ የቦርዱን መስመር ይበሉታል፤ ካፓሲተሩ ይቀየራል፣ የተበላው መስመር በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል። የሻማ እሳት የሚያመነጨውን ኮይል የሚያዝዘው ትራንዚስተር ሲቃጠል እሱ ብቻ ተነቅሎ ሌላ ይገባል። ኃላፊው “እኛ ጋ አንጠግንም” ቢሉ ኖሮ መብታቸው ነው እል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ኮምፒውተሩ በእርግጥ ሲበላሽ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሳይበላሽ የሚቀየረው ነው። እንዲቀየሩ ከሚፈረድባቸው ኮምፒውተሮች የበዙት ደህና እንደነበሩ አምናለሁ፤ ከዚህ እምነቴ የሚያነቃንቀኝ የለም።

ፍርዱ እንዴት እንደሚሰጥ ተመልከቱ። መኪናው አልነሳ ይላል። የመኪናን ብልሽት የሚያነብ ስካነር ይሰካል፤ ስካነሩ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል፣ ወይም ዩ0100 የሚል ኮድ ያወጣል። “ኮምፒውተሩ ሄዷል” ይባላል፣ ዋጋ ይነገራል። የዩ0100 መልእክት ግን የቀሩት ሞጁሎች፣ ማለትም የመኪናው ሌሎች ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ ከሞተሩ ኮምፒውተር ምንም እየሰሙ አይደለም የሚል ብቻ ነው። ለምን እንዳልሰሙ አይናገርም። ፊውዙ ተቃጥሎ ይሆናል። ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የግራውንድ ሽቦ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዝጎ ይሆናል። ይህን ለመለየት አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ይበቃል፤ ኮንታክት ተከፍቶ፣ ጭነት እንዳለ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ኮምፒውተሩ ግራውንድ ፒን ድረስ ሲለካ ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው።

ሰው የሚረሳው ደግሞ የ5 ቮልቱን መስመር ነው። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሁኔታ እየለኩ ለሚነግሩት ለብዙዎቹ ሴንሰሮች 5 ቮልት ያከፋፍላል። ከሴንሰሮቹ አንዱ ውስጡ ሾርት ካደረገ መስመሩን በሙሉ ይዞት ይወርዳል፤ ሞተሩ ይሞታል፣ በአንዳንድ መኪኖች ስካነሩም ኮምፒውተሩን ያጣዋል። አዋቂ ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን መስመሩ ላይ አድርጎ የሴንሰሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ይነቅላል። ጥፋተኛው ሲነቀል ከዜሮ አጠገብ የነበረው ቁጥር ብድግ ብሎ 5 ላይ ይቆማል። ሴንሰሩ ይቀየራል፣ መኪናው ይነሳል፣ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት የነበረው ኮምፒውተር እንደ ድሮው ይሠራል። ይህን ሳይሞክሩ ኮምፒውተር ማዘዝ፣ ቤት ጨለመ ብሎ አምፖሉን ሳያዩ ቆጣሪ እንደ መቀየር ነው።

ይህ ደግሞ እኛ አገር የበለጠ ያስፈልጋል። ላቫጆ ላይ ሞተር በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው ሶኬት ውስጥ ገብቶ ከወራት በኋላ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላሉ። የባትሪ ገመድ ሳይነቀል ቦዲ ይበየዳል። መኪና በመኪና ሲነሳ ገመዱ ይገለበጣል። አዎ፣ እንዲህ ሆኖ ኮምፒውተር የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ያኔም ቢሆን ምን አቃጠለው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሾርት ያደረገ ኮይል ነው ያቃጠለው እንበል፤ ኮይሉ እዚያው ተቀምጦ አዲስ ኮምፒውተር ቢገጠም አዲሱም ይቃጠላል። ለዚህ ሁለተኛ ጥፋት የሚከፍለው ማን ነው? ባለመኪናው። “ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ፎርጅድ ሸጠውልህ ነው” ይሉታል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይገዛል።

ቀጥሎ የቁልፉ ጣጣ ይመጣል። ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ዞሮ ያገለገለ ኮምፒውተር ያገኛል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክሮ ይገዛል፤ ሲገጠም መኪናው አይነሳም። ቁልፉን ሳያውቅ ሞተር እንዳይነሳ የሚከለክለው የስርቆት መከላከያ፣ ኢሞቢላይዘሩ፣ አዲሱን ኮምፒውተር አያውቀውም። በብዙ መኪኖች መላው ከአሮጌው ቦርድ ላይ፣ ስምንት እግር ካላት የማስታወሻ ቺፕ፣ መረጃውን ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። ይህን አጥርተው የሚሠሩ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ሌባ ይበረታታል የሚል ወቀሳም ይሰማል። ሊብሬና መታወቂያ ይጠየቅ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይመዝገብ፣ አለቀ። ሌባን ሰበብ አድርጎ ሊብሬው በስሙ የሆነን ሰው ከገዛ መኪናው ማገድ ግን ግፍ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012 የመኪና አምራቾች ለራሳቸው ወኪሎች የሚሰጡትን የምርመራና የጥገና መረጃ ለሌሎች ጋራዦችም እንዲያቀርቡ በሰፊ ድምፅ ወስነዋል። ሌባ እዚያም አለ።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ከወሰነ ጀምሮ ያሉን የነዳጅ መኪኖች እነዚሁ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሚያራዝሙት ባለሙያዎች ሊሠለጥኑና ዕውቅና ሊያገኙ ሲገባ በሬዲዮ በሰው ነፍስ የሚቀልዱ መባላቸው ያሳፍራል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እንግዲያው ኮምፒውተር ይቀየር የሚል ጋራዥ ሁሉ የለካውን በወረቀት ይስጥ፤ የባትሪው ቮልት፣ የግራውንዱ፣ የ5 ቮልቱ መስመር፣ የኮይሎቹ ውጤት ይጻፍ። የወጣው አሮጌ ኮምፒውተርም በባለቤቱ እጅ ይግባ፤ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወስዶ በእርግጥ መሞቱን ያስመርምር። ጋራዡ በፍርዱ የሚተማመን ከሆነ ዕቃውን የሚያስቀርበት ምክንያት የለውም።