ለስትራስበርግ የተፈረመው 245 ሚሊዮን ዶላር፦ ይገባ ነበር ወይ?

የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ በዲሴምበር 2019 ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ስቲቨን ስትራስበርግን በ245 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት አስፈረመ። ቡድኑ የፍጻሜውን ውድድር ወርልድ ሲሪስን አሸንፎ ዋንጫ ካነሳ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከዚያ ፊርማ በኋላ ስትራስበርግ የወረወረው በስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። አንድ ድልና አራት ሽንፈት በስሙ ተመዘገበ፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። ገንዘቡ ግን አልቀረበትም፤ በቤዝቦል የተፈረመ ውል ተጫዋቹ ቢጎዳም ይከፈላል።

ቡድኑ መፈረም ነበረበት ወይ? ከዚህ በታች የሚከራከሩት ሁለቱም የናሽናልስ ደጋፊዎች ናቸው። አንደኛው በዋሽንግተን ለረጅም ዓመታት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች የሂሳብ ባለሙያ ናት። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መፈረሙ ትክክል ነበር

ቤዝቦልን ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎቼ ናቸው። ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር እኔም ለከተማው ገና እንግዳ ነበርኩ። አርኤፍኬ ስታዲየም አጠገብ ሰው ስጠብቅ ጨዋታውን በሬዲዮ አዳምጣለሁ፤ ያልገባኝን የሚሳፈረው ሰው ያስረዳኛል። በ2008 እና በ2009 ቡድናችን በየዓመቱ ከመቶ በላይ ጨዋታ ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ወጣ። የመጨረሻ የወጣ ቡድን በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ ቀድሞ ይመርጣልና ስትራስበርግን ያገኘነው በዚያ ውርደት ነው። ጁን 8፣ 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ ፒትስበርግ ላይ 14 ስትራይክአውት (መቺውን ሳያስመታ ማስወጣት) ሲያስመዘግብ መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ከዚያ 2012 መጣ። ይህን ዓመት ሳያነሱ ስለዚህ ውል መናገር አይቻልም። ቡድናችን 98 ጨዋታ አሸነፈ። ስትራስበርግ ከክርን ቀዶ ጥገና ተመልሶ በሙሉ አቅሙ እየወረወረ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ ግን ክንዱ እንዳይጎዳ ብሎ 159 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ በዘጠኝ የሚከፈልበት ዙር) ላይ አስቆመው። ልጁ አልወደደውም፤ ቢሆንም ታዘዘ። በኦክቶበር፣ ዋንጫው በሚወሰንበት ውድድር፣ ያለ እሱ ከሴንት ሉዊስ ጋር ገጠምን፣ በመጨረሻው ጨዋታ 6 ለ 0 መራን፣ 9 ለ 7 ተሸነፍን። ያን ሌሊት ከስታዲየሙ ወደ ቤተስዳ ያደረስኳቸው አባትና ልጅ እስኪወርዱ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ክፍያቸውን እንኳ የተቀበልኩት በዝምታ ነው።

በ2016 ደግሞ ገበያ ወጥቶ ዋጋውን ሳይፈትን እዚሁ ፈረመ፦ ሰባት ዓመት፣ 175 ሚሊዮን። ወኪሉ ስኮት ቦራስ ነው። ቦራስ ደንበኞቹን እስከ መጨረሻው አስጠብቆ ገበያ በማውጣት የታወቀ ሰው ነው፤ ስትራስበርግ ግን ይህችን ከተማ መረጠ። ውሉ ከፈለገ ከ2019 በኋላ መውጣት ይፈቅድለት ነበር፤ ወጣም፣ የ245 ሚሊዮኑ ውል የመጣው ከዚያ ነው።

2019ን ሁሉም ያውቀዋል። 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን የጀመርነውን ዓመት በዋንጫ ጨረስነው። ስትራስበርግ በመደበኛው ውድድር 209 ኢኒንግ ወረወረ፤ በኦክቶበር ደግሞ 36 ከሲሶ ጨመረ፤ በኦክቶበር አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ሂዩስተን ላይ፣ የወርልድ ሲሪሱ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ብንሸነፍ ሁሉም ያበቃ ነበር። በመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ከገባበት በኋላ ኳሱን ሲይዝ ምን እንደሚወረውር ለተጋጣሚዎቹ እያሳየ መሆኑን ነገሩት፤ አያያዙን አስተካከለ፣ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስ ሌላ ነጥብ አላስገባም። የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ እሱ ሆነ።

እኛ እቁብ እናውቃለን። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ አይጠፋም፤ ዙሩ እስኪያልቅ ይጥላል። ለናሽናልስ ዕጣው በ2019 ወጣለት። ከዚያ ወዲህ የሚጥለው አስቀድሞ የበላውን ነው።

መፈረሙ ስህተት ነበር

ጋሼ፣ በ2012 የዚያን ምሽት እኔም ከአባቴ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ነበርኩ። እኛም ቤት ዝም ተብሎ ነው ያደረው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ቡድኑን ከእርስዎ አሳንሼ ስለምወድ አይደለም።

ነገር ግን እርስዎ የቆጠሩት ሁሉ ካለፈው ነው። ስድስተኛው ጨዋታ የተከፈለው በ2016ቱ ውል ነው፤ የ2019 ደመወዙ በዚያ ውስጥ ነበር። አዲሱ ውል የሚገዛው ከ2020 እስከ 2026 ያለውን ክንድ ነው፤ ሊመዘን የሚገባውም ያ ክንድ ብቻ ነበር።

ክንዱ ምን ይላል? ከ2019 በፊት ስትራስበርግ 200 ኢኒንግ ያለፈው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በ2014። በ2015 127፣ በ2016 147፣ በ2017 175፣ በ2018 130። በየዓመቱ የሆነ ቦታ ያመዋል፤ በየዓመቱ በጉዳት ዝርዝር ይገባል። በድንገት በ2019 209 ኢኒንግ፣ በዚያ ላይ 36 ከሲሶ። ደምሩት፦ 245 ኢኒንግ። ይህን ቁጥር ከውሉ ዋጋ ጎን ሳስቀምጠው ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ቡድኑ የዚያን ዓመት ድካም እንደ ጥንካሬ ማስረጃ ወሰደው። እኔ ሳየው አንድ ክርኑ የተቀደደ የ31 ዓመት ሰው በሕይወቱ ወርውሮ የማያውቀውን ያህል ወርውሮ ነበር፤ ማረፊያ የሚሻ እንጂ ሰባት ዓመት የሚፈረምለት አልነበረም።

ሌላውን ፒቸራችንን ማክስ ሸርዘርን እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። በጃንዋሪ 2015 ናሽናልስ ሸርዘርን በ210 ሚሊዮን ለሰባት ዓመት ሲያስፈርም ዕድሜው 30 ነበር፤ ያኔም ብዙ ሰው አብደዋል ብሎ ነበር። ያ ውል ግን ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ ከ200 ኢኒንግ በላይ ለሚወረውር ሰው የተሰጠ ነው፤ ከፈረመ በኋላም እስከ 2018 አላቋረጠም። ሁለቱ ውሎች በወረቀት ይመሳሰላሉ፤ የተፈረመላቸው ሰውነቶች ግን አይመሳሰሉም።

እቁቡንም ካነሱት፣ በእኔ ቆጠራ ዕጣ የወጣለት ስትራስበርግ ነው። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ደግሞ ዋስ ይጠራል። ለዚህ ውል ዋሱ ማን ነበር? ተጫዋቹ ቢጎዳ የሚክስ ኢንሹራንስ እንዳልተገባለት ተዘግቧል። ወደ 80 ሚሊዮን የሚሆነው ቆይቶ እንዲከፈል መደረጉም ሸክሙን አላቀለለም፤ ቡድኑ እንደገና በሚሠራባቸው ዓመታት ላይ ጫነው እንጂ።

የዚያው ሰሞን ከባለቤቶቹ አንዱ ማርክ ለርነር ከስትራስበርግና ከመቺው ከአንቶኒ ሬንዶን አንዱን ብቻ ነው ማስቀረት የምንችለው ብሎ በይፋ ተናግሯል። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚያ ሰው መምረጫው ውለታ ሊሆን አይችልም። ቡድኑ ውስጥ የ21 ዓመቱ ኋን ሶቶ ነበረ። የ26 ዓመቱ ትሬይ ተርነር ነበረ። በጁላይ 2021 ተርነር ከሸርዘር ጋር ለዶጀርስ ተሰጠ፤ በኦገስት 2022 ሶቶ ለፓድሬስ። ያን ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፍን።

የሹፌሩ መልስ

ልጄ፣ ቁጥርሽን አልክድም። ሶቶን በዚህ ውል ላይ ማላከክሽን ግን አልቀበልም። ቡድኑ በ2022 ለሶቶ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን አቅርቦለታል። ያን ያህል የሚያቀርብ ቡድን በስትራስበርግ ምክንያት ኪሱ ባዶ ነበር ሊባል አይችልም። ሶቶ እምቢ አለ፤ ወኪሉም ያው ቦራስ ነው፤ ገበያ መውጣት ፈለገ፣ ወጣ። የእኛው የነበረው ብራይስ ሃርፐርም ከዚህ ውል በፊት በ2019 መጀመሪያ ፊላደልፊያ ሄዷል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቀድሞ ከእኛ ጋር ለመቆየት የፈረመ አንድ ሰው ነው፤ ስትራስበርግ።

ሬንዶንም ካንቺ ጎን አይቆምም። ኤንጀልስ በዚያው ሳምንት በዚያው ዋጋ፣ ሰባት ዓመት በ245 ሚሊዮን፣ ወሰደው። መቺ ነው፤ ክንዱ እንደ ፒቸር አይደክምም፤ ጠንካራ የሚባል ሰው ነበር። ከ2021 እስከ 2024 ከ58 ጨዋታ በላይ የተጫወተበት አንድ ዓመት የለም። ለርነር ካቀረባቸው ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ቢሉሽ የትኛውን ብትመርጪ ታመልጪ ነበር?

ክንዱ አስቀድሞ ተናግሯል ያልሽውም እንዳልሽው አይደለም። አንቺ የምታነሺው ክርኑን ነው። በ2020 ሁለት ጨዋታ ላይ ያስቆመው የእጅ አንጓው ነርቭ ነው። በ2021 የመጣው ደግሞ ሌላ ነው፦ በአንገትና በትከሻ መካከል፣ ከአንገት ሥር ካለው አጥንትና ከመጀመሪያው ጎድን መሐል የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን የሚመጣ ሕመም። አንድ ጎድኑንና ሁለት የአንገት ጡንቻዎቹን አውጥተውለታል። ይህን በዲሴምበር 2019 ያየ ሰው አልነበረም።

የሂሳብ ባለሙያዋ መልስ

ሶቶን ከክርክሬ አወጣለሁ፤ እዚያ ላይ ልክ ነዎት። 440 ሚሊዮን የቀረበለትን ሰው አጣነው ማለት አልችልም። ተርነርን ግን አላወጣም፤ እሱን ለማቆየት በጊዜው በቂ ተደረገ ብዬ አላምንም።

ሬንዶንን በተመለከተ የጠየቁኝን በቀጥታ ልመልስ፦ ሁለቱንም አልመርጥም ነበር። ለርነር ጥያቄውን ለሁለት ሰው ስላጠበበው እኛም ለሁለት ማጥበብ የለብንም። ስትራስበርግ ከ2016ቱ ውል ሲወጣ በእጁ ላይ አራት ዓመትና 100 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶት ነበር። እኔ ብሆን ዓመቱን ሳልጨምር ክፍያውን እጨምር ነበር። አራት ዓመት፣ ለእያንዳንዱ ዓመት የፈለገውን ያህል ውድ። እሺ ካለ ጉዳቱ በ2023 ያበቃል። ሌላ ቡድን ሰባት ዓመት ቢሰጠው ደግሞ አመስግኜ እሸኘው ነበር።

ስለ ሕመሙም፣ የትኛው ነርቭ እንደሚታመም ማንም አይተነብይም፤ እኔም እንዲተነበይ አልጠየቅሁም። የሂሳብ ሰው የሚጠይቀው የትኛው ቧንቧ እንደሚፈነዳ አይደለም፤ ቤቱ ስንት ጊዜ እንደፈሰሰ ነው። ይህ ቤት በየዓመቱ ይፈስ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለስትራስበርግም ስል። ያ ውል ለእሱም ጥሩ አልሆነለትም ብዬ አምናለሁ። 245 ሚሊዮን የተሸከመ ሰው ጎድኑ ወጥቶ እንኳ ተመልሶ መወርወር ግዴታው ይመስለዋል። አጭር ውል ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ያርፍ ነበር። በ2023 ሊሰናበት የተያዘለት ቀን እንኳ ተሰርዞ፣ ስንብቱ የወረቀትና የድርድር ጉዳይ ሆኖ ወደ 2024 ተጎተተ። የዋንጫ ጀግና ከሜዳ የሚወጣው እንደዚያ አልነበረም።

የሹፌሩ የመጨረሻ ቃል

በዚህ በመጨረሻው አብረን ነን። ስንብቱ ያንገበግበኛል።

አመስግኜ እሸኘው ነበር ያልሽው ላይ ግን እንለያያለን። ሃርፐር በኤፕሪል 2019 የፊላደልፊያን ማልያ ለብሶ ስታዲየማችን ሲገባ የነበረውን ጩኸት በመኪናዬ ሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ለስድስት ሰባት ዓመት ስሙን ሲጠሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ የሚጮኹበት። ስትራስበርግ የሳንዲያጎ ልጅ ነው። አራት ዓመት ብለሽው ወደ አገሩ ቢሄድ፣ በዚያው ሕመም ቢታመም፣ አንቺ በሂሳብ አተረፍን ትዪ ነበር፤ እኔ ደግሞ 37 ቁጥርን በሌላ ማልያ አይ ነበር።

ጁን 9፣ 2022 ማያሚ ላይ የወረወረውን የመጨረሻ ጨዋታውን ከተሳፋሪ ጋር ነው የሰማሁት። ኳሱ የድሮው ፍጥነት አልነበራትም። አምስተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ ወጣ። ስትራስበርግ እስኪወጣ ድረስ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ሬዲዮውን ከፍ አድርግልኝ እያለኝ ነበር፤ እኔም አደረግሁለት።

ክፍያው እስከ 2029 ይሄዳል። የመጨረሻው ሲላክ ከሂዩስተኑ ስድስተኛ ጨዋታ አሥር ዓመት ይሆነዋል። ቡድኑ ያንን ቼክ ሲጽፍ እኔ አላዝንበትም።