አደጋ ሲደርስ ማን እንደሚነገረው ለማወቅ ይህን ያህል መከራ?

ኧረ አሁንስ በዛ! ዛሬም የግንባታ ፕሮጀክቱ የሚመራበትን ሶፍትዌር ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚጠይቁበትን በር) የአደጋ ማንቂያ ለማን ለማን እንደሚሄድ ጠየቅሁት፤ ዛሬም «200»፣ ማለትም ተሳክቷል፣ ብሎ ባዶ ዝርዝር መለሰልኝ። የአደጋ ማንቂያ የሚደርሳቸው ሰዎች ግን አሉ፤ የፕሮጀክቱን ቅንብር ስከፍተው ስማቸው ተደርድሮ በዓይኔ አየዋለሁ። ታዲያ ለምን ይደብቃቸዋል? የማየት ፈቃድ ከሌለኝ «403»፣ ተከልክሏል፣ ብሎ በግልጽ ይንገረኝ! ባዶ ዝርዝርና የተከለከለ ዝርዝር እንዴት አንድ ይሆናሉ?

ዝርዝሩን በሰጠኝ ጊዜም የሚመልሰው የሰዎቹን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ስም የለ፣ ኢሜይል የለ፣ ስልክ የለ። እያንዳንዱን ቁጥር ይዤ ሌላ በር ላንኳኳ! እዚያም ገጽ በገጽ ቆራርጦ ይሰጠኛል። ትንሽ ስፈጥን «429»፤ ቆይ፣ አበዛኸው ይለኛል። ከድርጅቱ የለቀቀው ሰውዬ አሁንም ተቀባይ ነው? አዲሱ የደህንነት ኃላፊስ ገብቷል? መልስ የለም።

ይሄ እኮ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው! እዚህ አሜሪካ ሠራተኛ በሥራ ላይ አደጋ ከሞተ በ8 ሰዓት ውስጥ የሥራ ቦታ ደህንነትን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለኦሻ፣ አሳውቁ ይላል ሕጉ። ሆስፒታል ከተኛ፣ አካሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑ ከጠፋ ደግሞ በ24 ሰዓት። ከስካፎልዲንግ ላይ ሰው ወድቆ ማንቂያው የሚሄደው ዓምና ወደለቀቀ ሰው ኢሜይል ከሆነ ማን ነው የሚደርስለት? ማንስ ነው የሚያሳውቀው?

የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። በዚህ የግንባታ ሳይት አደጋ ቢደርስ መልእክቱ ለማን ለማን ይሄዳል? ስማቸውንና ስልካቸውን በአንድ ጥሪ ስጡኝ!