ላም ባልዋለበት

እሁድ ጠዋት ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ወጉ ወደ ጌም ዞረ። አንደኛው ተከራካሪ ጉርምስናውን ዋርክራፍት 3 በሚባል የኮምፒውተር ጌም የጨረሰ ልጅ ነው። ሌላኛው ሸምገል ያሉ፣ ስለ ውልና ፊርማ ማውራት የሚወዱ ሰው ናቸው። ጌም ከፍተው አያውቁም፤ ይህ ግን አፋቸውን አላስያዛቸውም።

ልጁ ዶታ የሚባለውን ጌም ነገር አነሳ። ጌም አምራቹ ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ዋርክራፍት 3ን ሲያወጣ የካርታ፣ ማለትም የመጫወቻ ሜዳ፣ መሥሪያም አብሮ ሰጠ። በዓመቱ ተጫዋቾች በዚያው መሥሪያ ዶታን ሠሩ። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ሲተው ሌላው እየተረከበ ስንት ዓመት አቆዩት።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አሉ ሰውዬው። «ሜዳው የብሊዛርድ፣ መሥሪያው የብሊዛርድ። ልጆቹ ምን አግብቷቸው?»

«ጋሼ፣ ልጆቹም እኮ ሕግ አላቸው» አለ ልጁ። የሰው ካርታ ሰብሮ በራሱ ስም የሚያወጣ በመካከላቸው ይናቃል። የሌላ ሰው ሥዕል የተጠቀመ ሰው የሠሪውን ስም በካርታው ውስጥ ያሰፍራል። ኤፍ 9 የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ዝርዝሩ ይመጣልሃል። ፖሊስ የለ፣ ጠበቃ የለ።

«ላም ባልዋለበት» አሉ ደግመው። ሌላ መከራከሪያ የጠፋባቸው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላው ጌም አምራች ቫልቭ ዶታን በወቅቱ ተረክቦ ይሠራ የነበረውን ልጅ ቀጠረ። ብሊዛርድ «ዶታ» በሚለው ስም ከቫልቭ ጋር ተሟገተ፤ በ2012 ተስማሙ። በ2013 የቫልቭ ዶታ 2 ወጣ። በ2020 ዋርክራፍት 3 ታድሶ ሲመጣ ውሉም አብሮ ታድሷል፦ ተጫዋች የሚሠራው ካርታ ሁሉ የብሊዛርድ ንብረት ነው ይላል።

«ይኸው! ፈርመዋል!» አሉ ሰውዬው በደስታ። «ላም ባልዋለበት...»

ተረቱን ራሳቸው ላይ እንደተረቱት አልታወቃቸውም። ሜዳው የማንም ይሁን፣ ስንት ሌሊት የዋለችው ላም የልጆቹ ናት። ቅርጫት ይዞ የመጣው ማን ነው?

ለነገሩ ጌም ብቻ መች ሆነ። ዘመኑ የለቃሚ ነው። ፎቶ አንሺው ስሙን ጥግ ላይ ቢጽፍ ጥጉን ቆርጠው ይለጥፉታል። የሰው ግጥም በቴሌግራም «ከማህደራችን» ተብሎ ይዞራል። ባለፈው ፋሲካ ለዘመዶቼ የጻፍኩት የመልካም ምኞት መልእክት በሳምንቱ በሌላ ሰው ስም ተመልሶ ደረሰኝ። ከነፊደል ግድፈቱ።