እርማት፦ ድብድቡን የሚያሳምረው መቆራረጡ አይደለም

አቦ፣ ስለ ጃኪ ቻን የጻፍከውን አነበብኩት። «ድብድቡ የሚያስቀው ቶሎ ቶሎ ስለሚቆራረጥ ነው» ብለሃል፤ ማለትም ምስሉ ከአንድ እይታ ወደ ሌላ ቶሎ ቶሎ ስለሚዘል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

እኔም ድሬ፣ ከዚራ ቪዲዮ ቤት ተጠጋግተን ስናይ ነው ያደግኩት። ሰሞኑን በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃኪን ፊልም «ፖሊስ ስቶሪ» እያቆምኩ ደግሜ አየሁት። የገበያ ማዕከሉን ድብድብ ልብ ብለህ እየው። ካሜራው ራቅ ብሎ ይቆማል። ሰውየው ከራስ እስከ እግሩ ይታያል። መቺው፣ ተመቺውና የሚሰበረው መስታወት አንድ ላይ ናቸው። ማን ምን ስላደረገ ማን እንደወደቀ በዓይንህ ታያለህ። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

መቁረጥ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ቡጢው ሲያርፍ ከሩቅ ታየዋለህ። ቀጥሎ ካሜራው ይጠጋና ያው ቡጢ ከጥቂት ፍሬም (ፊልሙ የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) በፊት ጀምሮ እንደገና ያርፋል። ዓይንህ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ምቱ ይከብዳል። አንዳንዴ ምስሉን ትንሽ ማፍጠንም አለ፤ እሱ እውነት ነው።

ደግሞ ሕመሙን አትርሳ። ጃኪ ሰው መትቶ የራሱን እጅ ያራግፋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ የሚናጋው ያኔ ነበር። በየግማሽ ሰከንዱ ቢቆረጥ ያን ፊት መቼ ታየዋለህ?

እስቲ ዛሬ ማታ ድምፁን አጥፍተህ እየውና ቁርጦቹን ቁጠራቸው።