በጣት መቁጠር ልጅን ሰነፍ አያደርግም

«አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በጣቱ ከቆጠረ ይሰንፋል፣ ቶሎ አስጥሉት» ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ። ለልጆቹ ተቆርቁራችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም። ለትንሽ ልጅ ጣት ቁጥርን በዓይኑ የሚያይበት መንገድ ነው፣ ድምሩ እየገባው ሲሄድ ቀስ በቀስ ራሱ ይተወዋል። እስቲ ዛሬ ማታ «8 ሲደመር 5 ስንት ነው?» በሉትና ዝም ብላችሁ ጣቶቹን ተመልከቱ። ከ1 ጀምሮ ሁሉንም ከቆጠረ ገና ጀማሪ ነው። 8ን በልቡ ይዞ «9፣ 10፣ 11...» ካለ ትልቅ እርምጃ ነው። ከ5ቱ ላይ 2 ወስዶ 8ን 10 ካደረገ በኋላ የቀረውን 3 ጨምሮ 13 ካለማ ጣቱን ሊተው ተቃርቧል። «እጅህን አውርድ!» የተባለ ልጅ ግን ወይ ዴስክ ስር ደብቆ ይቆጥራል፣ ወይ ዝም ብሎ ይገምታል፤ እኛም የቱ ጋ እንደተቸገረ ማየት አንችልም።